ኤል ሚራዶር ሁለት ቀን በእግር ነው

(በሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ፣ ለሐበሻ የእግር ጉዞ ወዳጆች ከተደረገ ንግግር። ለንባብ እንዲመች በመጠኑ ተስተካክሏል።)

እንደምን አመሻችሁ። ቡናው እስኪደርስ ጀምር ተብያለሁ፤ ስለዚህ ዋናውን ነገር አስቀድሜ ልናገር።

ኤል ሚራዶር ማያ የሚባሉት የመካከለኛው አሜሪካ ሕዝብ የሠሩት ጥንታዊ ከተማ ነው፤ ያለው በጓቲማላ ሰሜናዊ ጫፍ፣ ፔቴን በሚባለው ግዛት ነው። ከሜክሲኮ ድንበር ሰባት ኪሎ ሜትር ገደማ ቢርቅ ነው። የመኪና መንገድ የለውም። ወይ ካርሜሊታ ከምትባል መንደር ተነስታችሁ ሁለት ቀን በእግር ትሄዳላችሁ፣ ወይ ከፍሎሬስ ከተማ ሄሊኮፕተር ትሳፈራላችሁ። ሄሊኮፕተሩ ግማሽ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ዶላሩ ያለው ሰው እሱን ይመርጣል። እኔ የመጣሁት በእግር ሂዱ ልላችሁ ነው። ለስፖርቱ ብዬ አይደለም። በሄሊኮፕተር የሄደ ሰው ከተማውን አያየውም ብዬ ስለማምን ነው።

ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ቆይ፣ ላስረዳ።

ብዙዎቻችሁ ሜክሲኮ ያለውን የማያ ከተማ፣ ቺቼን ኢትዛን፣ አይታችኋል። ካንኩን ለዕረፍት የሄደ ሰው ሁሉ አንድ ቀን አውቶቡስ ላይ ተጭኖ እዚያ መሄዱ አይቀርም። ሣሩ የታጨደ ነው። ፒራሚዱ ሜዳ መሃል ቆሟል። ቲኬት፣ ኮፍያ ሻጭ፣ ፎቶ፣ መልስ ጉዞ። ኤል ሚራዶር እንደዚያ አይደለም። ሕንጻዎቹ አብዛኞቹ አልተቆፈሩም። በላያቸው አፈር አለ፤ አፈሩ ላይ ዛፍ አለ፤ ዛፉ ላይ ጦጣ አለ። ስትደርሱ መጀመሪያ ከአፋችሁ የሚወጣው «የታለ?» የሚል ነው። ሄሊኮፕተሩ የሚያወርደው ሰው ይህን ጥያቄ ይዞ ትልቁ ፒራሚድ ላይ ይወጣል፣ አረንጓዴ ባሕር ያያል፣ ይመለሳል። በእግሩ የመጣው ግን ሁለት ቀን ሙሉ ዓይኑን ሲያሠለጥን ነው የቆየው።

ትንሽ ታሪክ ልንገራችሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማው የገነነው ከክርስቶስ ልደት በፊት 300 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 150 ዓ.ም. አካባቢ ነው። በፎቶ የምታውቋቸው፣ እዚያው ፔቴን ያለው የሌላው የማያ ከተማ፣ የቲካል ቤተ መቅደሶች የተሠሩት በ8ኛው መቶ ዘመን ነው። የቲካል ሰዎች እነዚያን ሲገነቡ ኤል ሚራዶር ከወደቀ 500 ዓመት አልፎታል። ይህን ለረጅም ጊዜ ማንም አያውቅም ነበር። በ1930 በአውሮፕላን ያለፉ ሰዎች ከላይ አይተውታል። በ1962 ኢያን ግሬም የሚባል እንግሊዛዊ በበቅሎ ሄዶ የመጀመሪያውን ካርታ አነሳ። ያኔም ቢሆን ይህን ያህል ግዙፍ ነገር የኋለኛው ዘመን ሥራ መሆን አለበት የሚል ግምት ነበር። በ1979 ሪቻርድ ሀንሰን የሚባል አሜሪካዊ አርኪዮሎጂስት፣ ገና ተማሪ ሳለ፣ «የጃጓር መዳፍ» በሚባለው ቤተ መቅደስ አንድ ክፍል ውስጥ ሲቆፍር ወለሉ ላይ ገል አገኘ። ገሉ ከተጠበቀው ዘመን በብዙ መቶ ዓመታት የቀደመ ነበር። እንግዲህ ስለ ማያ ሲጻፍ የነበረው የዘመን ቅደም ተከተል በጥቂት የሸክላ ስባሪ ተናጋ ማለት ነው።

ወደ መንገዱ ልመለስ።

ካርሜሊታ የተቆረቆረችው በማስቲካ ነው። እውነቴን ነው። በዚያ ጫካ ቺኮሳፖቴ የሚባል ዛፍ አለ። ግንዱ ሲበጣ ነጭ ወተት ያወጣል። ወተቱ ሲፈላ ቺክሌ ይሆናል። የአሜሪካ ማስቲካ ኩባንያዎች ሰው ሠራሽ ሙጫ እስኪተካላቸው ድረስ ይህንን ነበር የሚገዙት። ቺክሌ አውጪዎቹ ወራት ሙሉ ጫካ ውስጥ ይከርሙ ነበር። ሊቃውንቱ «አገኘን» ካሏቸው ፍርስራሾች ብዙዎቹን መጀመሪያ ያዩት እነሱ ናቸው። አርኪዮሎጂስቱ ብዙ ጊዜ የሚደርሰው ቺክሌ አውጪው መርቶት ነው።

የእኛ መንገድ መሪ በወጣትነታቸው በዚሁ ሥራ የኖሩ፣ ስልሳውን ያለፉ ሰው ነበሩ። ቀጭን ናቸው። የጎማ ቦት አጥልቀው፣ ገጀራ በወገባቸው ይዘው፣ ከበቅሎዎቹ ፊት ይሄዳሉ። የመጀመሪያው ቀን ረፋድ ላይ አንድ ዛፍ አጠገብ አቆሙን። ግንዱ ላይ ከታች እስከ ላይ ዚግዛግ ጠባሳ ነበረበት። ጠባሳውን በአውራ ጣታቸው እየዳሰሱ፣ «ይህን የበጡት አጎቴ ናቸው» አሉ። በምን እንዳወቁ ስጠይቃቸው ተገረሙብኝ። «እጃቸውን አውቀዋለሁ እንጂ» አሉኝ። አንድ ዛፍ አንዴ ከተበጣ በኋላ እንዲያገግም ለዓመታት ይተዋል። እንጨቱ ደግሞ ብረት ነው። የቲካል ቤተ መቅደሶች በር ላይ ማያዎች ያጋደሙት የዚሁ ዛፍ ግንድ ከሺህ ዓመት በላይ ቆይቶ ተገኝቷል።

የመጀመሪያው ቀን ከባድ ነው። አልዋሻችሁም። መንገዱ በጠቅላላው ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ግማሹን ያህል በመጀመሪያው ቀን ትጨርሳላችሁ። አቀበት የለውም ማለት ይቻላል። የሚያደክመው ሙቀቱና መሬቱ ነው። ዝቅ ያለው ቦታ «ባሆ» ይባላል። በዝናብ ወራት ረግረግ ነው፤ ጭቃው ጉልበት ይደርሳል፣ በቅሎዎቹ ራሳቸው ይሰምጣሉ። በበጋ ደግሞ ይደርቅና የበቅሎ ኮቴ የቀረጸው ጉድጓድ ሁሉ እንደ ድንጋይ ይጠነክራል። እሱ ላይ ቁርጭምጭሚት ይዞራል። እግራችሁን እያያችሁ ነው የምትሄዱት።

እግራችሁን እያያችሁ ስትሄዱ ታዲያ መሬቱ ማውራት ይጀምራል። ለሰዓታት ልሙጥ ነው። ከዚያ በድንገት ከፍ ይላል፤ አንድ ሜትር፣ ሁለት ሜትር። ጭቃው ይቀርና እግራችሁ ሥር ነጭ ጠጠር ይመጣል። ዛፉም ይለወጣል። መንገድ መሪያችን ቆም አሉና «አሁን ምን አያችሁ?» አሉ። ምንም አላየንም። «ራሞን» አሉ፣ ከፊታችን ያለውን ቀጥ ያለ ዛፍ እያሳዩ። ዞር አሉና ሌላ አሳዩን። ከዚያ ሌላ። ራሞን የኖራ ድንጋይ ፍርስራሽ ላይ መብቀል የሚወድ ዛፍ ነው። ፍሬው ይበላል፤ ቅጠሉን በቅሎዎቹ ይበሉታል። ማያዎች ራሳቸው ተክለውት ይሆን የሚለው ገና ያከራክራል። ለተጓዥ ግን የሚሰጠው ጥቅም ግልጽ ነው። ራሞን ተሰብስቦ ካያችሁ፣ መሬቱም ከፍ ካለ፣ የቆማችሁት የሰው ቤት ላይ ነው።

ከዚያ በኋላ ማየት ማቆም አይቻልም። ይህች ጉብታ ቤት ናት። እነዚያ ሦስቱ አንድ ግቢ ናቸው። ያ ረጅሙ ቀጥ ያለ ጉብታ ደግሞ ተፈጥሮ ቀጥ ያለ ነገር ስለማትወድ ሰው የሠራው ነው።

የመጀመሪያውን ሌሊት የምታድሩት ኤል ቲንታል ነው። እሱም ራሱን የቻለ ትልቅ ከተማ ነበር። ማምሻውን አንድ ጉብታ ጎን ላይ የዘራፊዎች ጉድጓድ አሳዩን። ይህን ጠጋ ብላችሁ እንድታዩት እፈልጋለሁ። ሌቦቹ መቃብር ፍለጋ ኮረብታውን በአካፋ ሰንጥቀውታል። ስንጥቁ ሰው በጎኑ ያስገባል። ባትሪ ይዛችሁ ስትገቡ ግድግዳው ላይ የሚታየው ልቅም ያለ አፈር አይደለም። መጀመሪያ ጥቁር አፈርና ሥር አለ። ከዚያ የተቆለለ ድንጋይ። ከዚያ የጣት ውፍረት ያላት ነጭ መስመር፣ ከግራ እስከ ቀኝ ቀጥ ብላ። እሷ የኖራ ልስን ወለል ናት። ከሥሯ እንደገና ድንጋይ። እንደገና ነጭ መስመር። ማያዎች አሮጌውን ሕንጻ አያፈርሱም፤ ከላዩ ይገነባሉ። ስለዚህ በሌብነት የተቆረጠው ግድግዳ ስንት ጊዜ እንደገነቡ ያሳያችኋል። ነጯን መስመር በጣቴ ልነካት ስል መንገድ መሪያችን እጄን ያዙኝ። የእጅ ላብ ሳይቀር ያበላሻታል አሉ።

ዘረፋው ቀልድ አይደለም። በ1971 ኢያን ግሬም ላ ናያ የሚባል ፍርስራሽ ሊያይ ሲሄድ ረዳቱ በዘራፊዎች ጥይት ተገድሏል። ዘራፊዎቹ ሐውልት በመጋዝ እየቆራረጡ ያወጡ ነበር። ማቻኪላ ከሚባል የማያ ከተማ የተሰረቀ አንድ ሐውልት ተቆራርጦ አሜሪካ ገባ። ግሬም ቀድሞ ፎቶ አንስቶት ስለነበር ተለየ፤ ሻጩም በ1973 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተፈረደበት። በአገራችን ቅርስ ምን እንደደረሰ ለምታውቁ ሰዎች ስለዚህ ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም። ያሽቺላን ከሚባል ሌላ የማያ ከተማ የተወሰዱትን ዝነኛ የበር ጉበኖች ማየት የፈለገ ለንደን ብሪቲሽ ሙዚየም ይሄዳል። የመቅደላ ታቦቶች ያሉትም እዚያው ነው።

ሁለተኛው ቀን ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ከቲንታል ወደ ኤል ሚራዶር የሚወስደው ጥንታዊ መንገድ አለ። ማያዎቹ ከመሬት ከፍ አድርገው፣ ድንጋይ ሞልተው፣ በነጭ ኖራ ለስነው የሠሩት ነው። በቦታው በቦታው 40 ሜትር ይሰፋል። ዛሬ ጫካ ነው። ግን ባሆውን ስታቋርጡ ግራና ቀኝ ረግረግ ሆኖ እናንተ ደረቅ ጀርባ ላይ ስትሄዱ ምን ላይ እንደሆናችሁ ይገባችኋል። ከ2,000 ዓመት በፊት ሰው እህል ተሸክሞ ያለፈበት ነው። በቅሎ አልነበራቸውም። ፈረስም፣ አህያም፣ በሬም የለም። ሁሉም ነገር በሰው ጀርባ ነው የተጓዘው። እኛ ሻንጣችን በቅሎ ላይ ተጭኖ ደከመን ስንል ይህን አስቡት።

በሄሊኮፕተር የሄደ ሰው ያመለጠው ይህ ነው። ኤል ሚራዶር አንድ ፒራሚድ አይደለም፤ አገር ነው። ከአውሮፕላን የጨረር ምት እየላኩ፣ ቅጠሉን አልፎ መሬት የነካውን ብቻ እየለዩ ካርታ የሚያነሱበት ላይዳር የሚባል ቴክኖሎጂ አለ። በ2018 ይፋ የሆነው የፔቴን ጥናት ከ2,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሸፍኖ ከ60,000 በላይ ቤቶች፣ መንገዶች፣ እርከኖችና ምሽጎች አሳየ። ኋላ በኤል ሚራዶር አካባቢ የተደረገው ደግሞ 177 ኪሎ ሜትር የሚሆን እንዲህ ያለ ከፍ ያለ መንገድ ለየ። ጫካው ባዶ ነበር ብለው ያስተማሩን ሁሉ ይመለሱ። ላይዳር ግን ስክሪን ላይ የሚታይ ሥዕል ነው። ያንኑ ነገር በእግር ጫማ ማወቅ ሌላ ነው።

ስለ ውሃ ሳልናገር ባልፍ ጥፋት ነው። በዚያ አካባቢ ወንዝ የለም። መሬቱ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውሃው ይሰርጋል። ካምፑ ላይ የምትጠጡትና የምትታጠቡት ዝናብ ጠብቆ የተጠራቀመ ነው፤ በበጋ መጨረሻ ላይ በጣሳ ይለካል። መንገድ ላይ ሽማግሌው የአንድ ሐረግ ክንድ የሚያህል ቁራጭ በገጀራ ከሁለት ወገን ቆርጠው አንጋጠው ከፍ ሲያደርጉት ጥርት ያለ ውሃ ጠብ ጠብ አለ። ጠጣነው። ትንሽ የእንጨት ጣዕም አለው። ነገር ግን ለከተማ ሕዝብ ሐረግ አይበቃም። ስለዚህ ማያዎቹ አደባባዩን ሁሉ አዘንብለው ለስነው ዝናቡ ወደ ኩሬና ወደ ቦይ እንዲወርድ አደረጉ። ከተማው ራሱ የዝናብ ማጠራቀሚያ ነበር።

ኖራው ግን ዋጋ ነበረው። ኖራ ለማቃጠል እርጥብ እንጨት፣ ያውም ብዙ እንጨት ያስፈልጋል። ሀንሰን የሚለው፣ ልስኑ እየወፈረ በሄደ ቁጥር ጫካው እየተመነጠረ፣ አፈሩ ወደ ባሆው እየታጠበ፣ ሕዝቡን ይመግብ የነበረው ለም ጭቃ በሸክላ አፈር ተቀበረ ነው። ከተማው 150 ዓ.ም. አካባቢ ባዶ ለመሆኑ አንዱ ምክንያት ይህ ነው ይላል። ድርቅና ጦርነት የሚጨምሩም አሉ። የእኔ ስሜት ወደ ልስኑ ያደላል፤ የሀብታም ቤት ልስን እዚያ ያየሁትን ያህል ሲወፍር ሌላ የት አይቻለሁ?

አሁን ፒራሚዱ። ላ ዳንታ ይባላል። 72 ሜትር ከፍታ አለው። አንድ ወጥ አይደለም፤ መድረክ በመድረክ ላይ ነው። የታችኛው መድረክ በጣም ሰፊ ከመሆኑ የተነሳ ላዩ ላይ ስትሄዱ ሜዳ ላይ የምትሄዱ ነው የሚመስላችሁ። ከዚያ ሌላ አቀበት፤ ሌላ ሜዳ። የመጨረሻውን በእንጨት ደረጃ ነው የሚወጣው፤ እዚያ ላይ ብቻ ነው የተጠረበው ድንጋይ ተጠርጎ የሚታየው። በይዘት ከጊዛው ታላቅ ፒራሚድ ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ 2.8 ሚሊዮን ሜትር ኪዩብ የሚል ግምትም ተሰጥቷል። ተፈጥሯዊው ኮረብታ ምን ያህል ረድቷል የሚል ክርክርም አለ። ለዚህ ፉክክር ብዙ ግድ የለኝም።

ግድ የሚሰጠኝ ጫፉ ላይ ያለው ነው። ትልቁ ቤተ መቅደስ መሃል ይቆማል፤ ሁለት ትንንሾች ከፊቱ ግራና ቀኝ ሆነው እርስ በርስ ይተያያሉ። የዚያ ዘመን ማያ ትልልቅ ሕንጻዎች ብዙዎቹ እንዲህ ሦስት ሦስት ናቸው። ለምን? ማያዎች ዓለም ስትፈጠር መጀመሪያ የተተከሉት ሦስት ድንጋዮች ናቸው ብለው ያምኑ ነበር። ኪሪጓ በሚባል የማያ ከተማ የሚገኘው ሐውልት ይህንኑ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3114 ዓመት ላይ ያውለዋል። ድንጋዮቹ የምድጃ ድንጋዮች ናቸው። ሦስት ጉልቻ! ተመራማሪዎቹ ይህን ለፈረንጅ አንባቢ ሲያብራሩ ገጽ ሙሉ ይፈጅባቸዋል፤ እናንተ ግን አንገታችሁን ነቅንቃችሁ ጨረሳችሁ። 72 ሜትር ላይ የተተከለ ጉልቻ ነው ብዬ ነው ያየሁት፤ አርኪዮሎጂስቶቹም ከዚህ ብዙ የራቀ ነገር አይሉም።

ከላይ የሚታየው ጫካ ብቻ ነው፤ አድማሱ ድረስ። በሁለተኛው ቀን መጨረሻ የሠለጠነ ዓይን ግን አረንጓዴው ላይ ያሉትን ጉብታዎች ይለያል። በምዕራብ በኩል ኤል ቲግሬ ነው፣ 55 ሜትር። ራቅ ብሎ ሌላ ጉብታ፣ ሌላ ከተማ። ሽማግሌው በገጀራቸው ጫፍ እያመለከቱ አንድ በአንድ ጠሩልን።

በማግስቱ ጠዋት ጣሪያ ወደ ተሠራለት ቦታ ወሰዱን። በ2009 የተገኘ የልስን ቅርጽ ነው። ሁለት ሰዎች ሲዋኙ ያሳያል፤ አንደኛው ጀርባው ላይ የተቆረጠ ራስ የያዘ ይመስላል። ቦታው የውሃ መውረጃ ነበር። ቆፋሪዎቹ በማያ ተረት ያሉት መንትያ ጀግኖች ናቸው አሉ፤ የአባታቸውን ራስ ከሙታን አገር የሚያስመልሱት። ተረቱን የምናውቀው ፖፖል ቩህ ከሚባለው የማያዎች መጽሐፍ ነው። ዛሬ በእጃችን ያለውን ቅጂ አንድ ቄስ የገለበጡት በ1700ዎቹ መጀመሪያ ነው። ቆፋሪዎቹ ልክ ከሆኑ፣ ተረቱ ከዚያ በፊት 2,000 ዓመት ገደማ በቃል ሲነገር ኖሯል ማለት ነው። እኔ ቅርጹ ፊት ቆሜ ብዙ ያየሁት ግን የዋናተኛውን እጅ ነው። ጣቶቹ ለየብቻ ተሠርተዋል። ኖራውን እርጥብ ሳለ በጥፍሩ ያስተካከለው ሰው ያለ ይመስላል።

ያ ሰው ማን ነበር? የንጉሡስ ስም? እዚህ ላይ ኤል ሚራዶር ዝም ይላል። ቲካል ብትሄዱ የነገሥታቱን ስም፣ የልደትና የሞት ቀን ጭምር ይነግሯችኋል። ኤል ሚራዶር ከጽሑፉ መስፋፋት ይቀድማል፤ ያለውም ጥቂት ጽሑፍ የተፋቀ ነው። ስለ ጽሑፉ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር፤ ከመንገድ ወጣሁ ካላችሁኝ ይሁን። ዲዬጎ ደ ላንዳ የሚባለው ስፔናዊ መነኩሴ በ1562 የማያ መጻሕፍትን ዩካታን ውስጥ ማኒ በምትባል ከተማ አቃጠለ። በኋላ ደግሞ፣ ያቃጠለው ሰው ራሱ፣ ስለ ማያዎች መጽሐፍ ሲጽፍ አንድ የማያ ጸሐፊ አስቀምጦ «ኤ ጻፍልኝ፣ ቤ ጻፍልኝ» አለው። የላቲን ፊደል መጠየቁ ነበር። ጸሐፊው ለ«ቤ» ድምፅ «ቤ» የሚባለውን ምልክት ጻፈለት። ፈረንጆቹ ዝርዝሩን የላቲን ፊደል አድርገው ሊያነቡበት ሞከሩ፤ አልሆነም፤ የማይረባ ነው ብለው ጣሉት። በ1952 ዩሪ ክኖሮዞቭ የሚባል ሩሲያዊ ዝርዝሩ የክፍለ ቃል ምልክቶች መሆኑን አሳየ፤ አንዱ ምልክት ተነባቢውን ከአናባቢው ጋር ይዟል አለ። ሀ ሁ ሂ ብሎ ላደገ ሰው ጸሐፊው ያደረገው ነገር ምንም እንግዳ አይደለም። ቀን መቁጠሪያቸውም እንደዚያው ነው፤ 18 ወር በ20 ቀን ቆጥረው መጨረሻ ላይ አምስት ቀን ይጨምራሉ። ጳጉሜ ያለው ሰው ይገባዋል።

ወደ ባቡሩ ልምጣ። ሰምታችሁ ይሆናል። ሀንሰን ከዓመታት ጀምሮ አካባቢው የተጠበቀ ፓርክ ሆኖ ቱሪስት በትንሽ ባቡር እንዲገባ ሐሳብ ሲያቀርብ ቆይቷል። ክርክሩ ቀላል አይደለም። ቱሪስት ከመጣ ገንዘብ ይመጣል፤ ገንዘብ ከመጣ ዘበኛ ይቀጠራል፤ ዘራፊው፣ ዛፍ ቆራጩና የዕፅ ነጋዴው ይርቃል ነው የሚለው። በ2019 መጨረሻ ሴናተር ጂም ኢንሆፍ አካባቢውን የሚመለከት ረቂቅ ሕግ ለአሜሪካ ሴኔት አቀረቡ። የፔቴን የደን ማኅበረሰቦች ማኅበር፣ አኮፎፕ፣ ተቃወመ። ለምን ቢባል፣ ጫካው ባለቤት አለው። የማያ ባዮስፌር ጥብቅ ቦታ በ1990 ሲታወጅ ከ2 ሚሊዮን ሄክታር በላይ ተከለለ። ከዚያ ውስጥ ለመንደሮቹ የተሰጠ ድርሻ አለ፤ ካርሜሊታ ከ50,000 ሄክታር በላይ ይዛለች። በልክ ዛፍ ይቆርጣሉ፤ ቺክሌ ያወጣሉ፤ ሻቴ የሚባል የዘንባባ ቅጠል ይለቅማሉ። ሻቴው አሜሪካ መጥቶ አበባ መደብር ይገባል፤ በሆሳዕና ሰሞንም አብያተ ክርስቲያናት ይገዙታል። ውጤቱ ደግሞ ይታያል። በምዕራብ በኩል ያለው የላጉና ዴል ቲግሬ ብሔራዊ ፓርክ ማንም እንዳይነካው ተብሎ የተከለለ ሆኖ ለከብት ግጦሽ ብዙ ጫካ አጥቷል። እነካርሜሊታ የያዙት ቆሟል።

እኔ ከመንደሮቹ ጎን ነኝ። ሀንሰን ያለው ስጋት እውነት ነው፤ ባቡሩ ግን መልሱ አይመስለኝም። ሜክሲኮ በታኅሣሥ 2023 ትሬን ማያ የሚባለውን ባቡር ጀመረች፤ ካላክሙልም ጣቢያ አላት። ካላክሙል የኤል ሚራዶር ጎረቤት ናት፤ ዛሬ ሆቴልና ባቡር አላት። ለፈለገ ሰው ያ አለለት። ኤል ሚራዶርን ግን ሽማግሌው እየመሩ፣ በቅሎው እየተጫነ፣ ገንዘቡም ካርሜሊታ እየቀረ ቢታይ ይሻላል። ቁጥራችን ያነሰ ይሆናል። ይነስ።

ለመሄድ ለቆረጣችሁ ትንሽ ምክር። ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ባለው ጊዜ ሂዱ፤ በእኛም በእነሱም አቆጣጠር ብዙ አይራራቅም። ጉዞውን በካርሜሊታ ኅብረት ሥራ ማኅበር በኩል ያዙ። ሱሪያችሁን ካልሲ ውስጥ ክተቱ፤ መዥገሩ አይጣል ነው። ማታ ማታ ሰውነታችሁን ፈትሹ። ባርባ አማሪያ የሚባለው እባብ መርዘኛ ነው፤ በጨለማ ያለ ባትሪ እንዳትንቀሳቀሱ። ጥሬ ገንዘብ በጓቲማላ ገንዘብ፣ በኬትሳል፣ ያዙ። ስልክ አይሠራም። ጯሂው ጦጣ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ላይ ሲያገሳ አንበሳ መጣ ብላችሁ ጎረቤታችሁን አትቀስቅሱ። ገል ብታገኙ ባለበት ተዉት።

መጨረሻ ላይ ጥያቄ ስቀበል ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አወጡ። «እኔስ ልጄ? ጉልበቴ ሁለት ቀን አይሄድልኝም። ይቅርብኝ ነው የምትለኝ?» አሉ። አዳራሹ ሳቀ፤ ጥያቄው ግን ትክክል ነው።

እማማ፣ አይቀርብዎትም። ዋሻክቱን ይሂዱ። ከቲካል በስተ ሰሜን 23 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ጥርጊያ ቢሆንም መኪና ያደርሳል። እሷም የቺክሌ መንደር ናት፤ የድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ መሃሏ ላይ ነው፣ ፍርስራሾቹ ግራና ቀኝ። እዚያ «ኢ ሰባት» የምትባል አጭር ፒራሚድ አለች። በ1920ዎቹ የካርኔጊ ተቋም ሰዎች ከላይ የነበረውን የፈራረሰ ሕንጻ ሲያነሱ በልስን ጭምብሎች ያጌጠች አሮጌ ሆና ከሥር ወጣች። ዘመኗ የኤል ሚራዶር ዘመን ነው። ከፊቷ በስተ ምሥራቅ ሦስት ትንንሽ ሕንጻዎች ይቆማሉ፤ ፀሐይ በሰኔና በታኅሣሥ ጫፍና ጫፍ ስትወጣ፣ ቀንና ሌሊት እኩል በሚሆኑበት ጊዜ ደግሞ መሃል ላይ ስትወጣ ይታይባቸዋል። ከመኪናው እስከ ፒራሚዷ ያለው እርምጃ ከዚህ አዳራሽ እስከ መኪና ማቆሚያው ቢያስኬድ ነው። ራሞን ዛፍም አለ፤ እንዴት እንደሚታወቅ ነግሬዎታለሁ።